የትኛውን ገና?

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወጣት የሙዚቃ አቀናባሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ብዙዎቻችሁ በጽሑፍ ስለጠየቃችሁኝ ከቀረጻው ላይ ገልብጬ፣ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ጋ ወንበር አለ። ዛሬ የምንሠራው በጆሮ ነውና ቅርብ መሆን ይሻላል።

ይህን ፕሮግራም ያዘጋጃችሁ ልጆች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ ሚክሲንግ፣ ማለትም የተቀዱ ድምፆችን አመጣጥኖ ማዋሃድ፣ የሚያሳየኝ ሰው ፍለጋ ብዙ ደጅ ጠንቻለሁ። ዛሬ ይህን ሁሉ ወጣት ላፕቶፑን ይዞ ሳይ ደስታዬ ልዩ ነው።

ወሬ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሰማችሁ። ሃያ ሰከንድ ብቻ ናት። አንድ ድምፃዊ ነው፣ ስንኙን ሁለት ጊዜ ይለዋል። በደንብ አድምጡልኝ።

(እዚህ ላይ ቅንጫቢውን አሰማሁ።)

ምን አለ? ግጥሙ እንዲህ ነው፦

መቼ ነው ሠርጋችን ብዬ ብጠይቃት፣
ገና ነው አለችኝ ቆሜ ስጠብቃት።

እሺ። ጥያቄዬ ይህ ነው። የትኛውን ገና ነው ያለው? «ና» ላልቶ ነው ወይስ ጠብቆ? ላልቶ ከሆነ «ገና ነው፣ ጊዜው አልደረሰም» ብላዋለች። ጠብቆ ከሆነ «በገና በዓል ነው» ብላ ቀን ቆርጣለታለች። አንዱ ማባረር ነው፣ አንዱ ቀጠሮ ነው። ላላ የምትሉ እጅ አውጡ። ጠበቀ የምትሉ? አያችሁ፣ ግማሽ በግማሽ ነው።

ድምፃዊው ግን አልተሳሳተም። በመጀመሪያው ዙር አጥብቆ፣ በሁለተኛው አላልቶ ነው የዘፈነው። የግጥሙ ነገር ያለው እዚያች ላይ ነው። ልጁ መጀመሪያ ቀን ተቆረጠለት፣ ቀጥሎ ተስፋው ተነጠቀ። ያንን በአንዲት ፊደል ነው የነገረን። ሚክሱ ግን ሁለቱን «ገና»ዎች አንድ አደረጋቸው። ሚክሱን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ዘፈኑ በወጣ ሰሞን ደሴ ላለችው አክስቴ ላክሁላት። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ግጥም ትወዳለች፣ ሠርግ ላይ ሙሾም ላይ የሰማችውን ስንኝ አትረሳም። ስልኳ ላይ፣ በራሱ በስልኩ ስፒከር ሰማችውና ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ጥሩ ነው። ግን ልጁ ምን አላት? እሷስ ምን አለችው?» አለችኝ። «ገና ነው አለችው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «የትኛውን ገና?» አለችኝ።

ያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሦስት ሳምንት ለፍቼበታለሁ። ኪኩ፣ ወፍራሙ ከበሮ፣ ደረት ይመታል፣ ክራሩ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነው፣ ድምፁ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ያለ ይመስላል። አክስቴ ግን ዘፈኑ ምን እንዳለ አልሰማችም። ታዲያ ምን ሠራሁ?

ስለዚህ የዛሬው ወሬዬ ስለዚህ ነው። በአማርኛ ዘፈን ውስጥ የጠበቀውና የላላው ተለይቶ ካልተሰማ ሚክሱ አልተሠራም ብዬ አምናለሁ። አራት ነገር አነሳለሁ፦ ሌቭል፣ ማለትም የድምፅ መጠን፤ ኢኪው፣ ማለትም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለይቶ መጨመሪያና መቀነሻ፤ ኮምፕረሰር፤ ከዚያ ሪቨርብና ዲሌይ፣ ማለትም የአዳራሽ ማስተጋባትና የገደል ማሚቶ። ሶፍትዌራችሁ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ይሁን፣ ኩቤዝ ይሁን፣ ሪፐር ይሁን፣ ለውጥ የለውም። አራቱም በሁሉም ውስጥ አሉ።

አንደኛ፣ ሌቭል። ማለትም ፌደር፣ ድምፅ የምትጨምሩበትና የምትቀንሱበት ተንሸራታች ቁልፍ። ብዙ ሰው ፕለጊን፣ ያን የድምፅ ማሻሻያ ፕሮግራም፣ ለመክፈት ስለሚቸኩል ፌደሩን ይንቀዋል። እባካችሁ አትናቁት።

አንድ ጊዜ አንድ አዝማሪ ስቱዲዮ መጡ። በዕድሜ የገፉ፣ መሲንቋቸው እጃቸው ላይ ያረጀ። እኔ እንደለመድኩት «አባቴ፣ መጀመሪያ መሲንቆውን ብቻ እንቅዳ፣ ከዚያ ድምፅዎን እንጨምራለን» አልኳቸው። እሺ አሉኝ። ቀዳን። መሲንቆው ለብቻው፣ ድምፁ ለብቻው። ሁለቱን አንድ ላይ ሳጫውተው ነፍስ የለውም። እሳቸውም ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ እኔና እሱ ተለያይተን አናውቅም» አሉኝ።

እንደገና ቀዳን። አሁን አንድ ላይ፣ እንደ ልማዳቸው። ያኔ ነው ዓይኔ የተከፈተው። ስክሪኑ ላይ የመሲንቆውን ሞገድ ሳየው፣ ግጥም ሲያወርዱ መሲንቆው ዝቅ ይላል። ስንኙ ሲያልቅ ከፍ ብሎ ይመልስላቸዋል። ደግሞ ቃል ሊሉ ሲሉ ዝቅ። እጃቸው ያውቀዋል። እኛ ሳይድቼይን እያልን፣ ኦቶሜሽን እያልን በማሽን የምንሠራውን እሳቸው በደጋን ይሠሩታል። ከማሽኑም በፊት ሚክሲንግ ነበረን!

እ.ኤ.አ. በ1969 የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የነበረውን ዘመን አስቡት። ዛሬ በላፕቶፕ መቶ ትራክ፣ ማለትም መቶ ለየብቻ የተቀዳ ድምፅ፣ እንከፍታለን። ያኔ ይህ አልነበረም። ባንዱ አንድ ላይ ይጫወታል፣ ሚዛኑ በአብዛኛው የሚጠበቀው ማን ለማይክ ቀረበ፣ ማን ራቀ በሚለው ነው። እነዚያን ሸክላዎች ዛሬ ስሟቸው። ቃሉ ይሰማል።

ስለዚህ ሥራ ስትጀምሩ ፕለጊኑን ሁሉ አጥፉ። ድምፃዊውን ብቻ ክፈቱ። ከዚያ መሳሪያዎቹን አንድ በአንድ ከሥር አስገቡ። ቃል የጠፋበት ቦታ ላይ ቁሙ። ያስገባችሁትን መሳሪያ መልሱት። ስንኝ ሲመጣ በእጃችሁ ዝቅ አድርጉት፣ ስንኝ ሲያልቅ ከፍ። እንደ አዝማሪው። አንድ ተኩል ዴሲቤል፣ ሁለት ዴሲቤል ይበቃል።

ቀይ መብራት አታስነኩ። በ24 ቢት እየቀዳችሁ ዜሮን፣ ማለትም ድምፁ የሚበላሽበትን ጣሪያ፣ መጠጋት ምን ያደርግላችኋል? ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 10 ዴሲቤል አካባቢ ቢሆን ምንም አታጡም። «የኔ ዘፈን ከሌላው ይጩህ» የሚለውም ነገር ይቅር። ስፖቲፋይ ድምፁን ከዜሮ በታች 14 ኤል ዩ ኤፍ ኤስ ወደሚባለው የጩኸት ልክ ያመጣዋል። ዩቲዩብም በጣም የጮኸውን ዝቅ ያደርገዋል። ጨምቃችሁ ያስጮሃችሁት ዘፈን ተመልሶ ዝቅ ይላል፣ የተጨመቀው ግን እንደተጨመቀ ይቀራል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ድምፅ ቀንሳችሁ ሥሩ። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ሁለት የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች ጆሯችን ድምፅ ሲቀንስ ባሱንና በጣም ቀጭኑን ድምፅ አሳንሶ እንደሚሰማ አሳይተዋል። ከፍ አድርጋችሁ ስትሰሙ ሁሉም ነገር ያምራል፣ ባሱም ይሞላል። ጆሮ ይታለላል። ቡና ሲፈላ ከጎን እንደሚሰማ ሬዲዮ ዝቅ አድርጋችሁ ቃሉ ከተሰማችሁ፣ ልክ ናችሁ።

ሁለተኛ፣ ኢኪው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የ«ገና» ነገር የተበላሸው እዚህ ነው።

እኔ ከኢንተርኔት የተማርኩት ሕግ ነበረኝ። «የድምፃዊውን ታችኛውን ድምፅ ቁረጥ፣ ይጠራልሃል» ይላል። እውነት አለው። ኸርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው፤ ከ80 ኸርዝ በታች የማይክ ንዝረት፣ የመኪና ጉርምርምታ እንጂ ዘፈን የለም። እኔ ግን 80 ላይ አልቆምኩም። ሽቅብ፣ ሽቅብ እያልኩ 300 ኸርዝ ድረስ ቆረጥኩት። በሄድፎን ሲሰማ ጥርት አለ። ደስ አለኝ። የቀረውን ባዶ ቦታ ደግሞ በባስና በኪቦርድ ፓድ፣ ማለትም ተዘርግቶ በሚቆይ የኪቦርድ ድምፅ፣ ሞላሁት።

አሁን ሁላችሁም «ን» በሉ። ምላሳችሁን ከላይኛው ድድ ሳታላቅቁ ያዙት፣ ንንንን። እጃችሁን አፍንጫችሁ ላይ አድርጉ። ይንቀጠቀጣል አይደል? «ን» እና «ም» በአፍንጫ የሚወጡ ድምፆች ናቸው። ጉልበታቸው ያለው ታች ነው፣ 250 እና 300 ኸርዝ አካባቢ። ላይኛው ክፍላቸው ደካማ ነው። እኔ የቆረጥኩት ልክ እዚያ ነበር! «ገና» ሲጠብቅ ረዘም ብሎ የሚቆየው ያ ድምፅ ነው። እሱን ቆርጬ ጣልኩት፣ በላዩ ላይ ፓድ ደፋሁበት። አክስቴ ከየት ታምጣው?

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። የድምፃዊውን መቁረጫ ወደ 90 መለስኩት። ፓዱን 250 እና 300 መሃል ሦስት ዴሲቤል ቀነስኩት። በቃ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሌላው የእኛ ሙዚቃ ጠባይ ነው። ጊታር ኮርድ እየመታ ሰው የሚዘፍንበትን ሙዚቃ የሚያስተምር ቪዲዮ ሞልቷል። የእኛ መሲንቆ ግን ኮርድ አይመታም። ድምፃዊውን ተከትሎ፣ ያንኑ ዜማ፣ ያንኑ ኖታ ነው የሚሄደው። ዋሽንቱም እንደዚያው። ስለዚህ ግጭቱ የባሰ ነው። ሁለት ሰው በአንድ በር ልግባ እንደማለት ነው። የቃል ጥራት የሚታወቀው በተለይ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ባለው ቦታ ነው። የመሲንቆው የፈረስ ጭራም የሚፋጨው እዚያው ነው። መሲንቆውን እዚያ ሁለት ሦስት ዴሲቤል ቀንሱት፣ በፓን ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት። አትግደሉት ግን። ጨርሳችሁ ካለሰለሳችሁት መሲንቆነቱ ይጠፋል።

ኢኪው ላይ ሳለን ስለ ክፍላችሁ አንድ ልበል። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ የምትለጥፉ አላችሁ፣ አውቃለሁ። ካርቶኑ ለባስ ምንም አያደርግም። ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ፣ የተጣጠፈ ጋቢ ይሻላል። ለድምፃዊው ከጀርባው ፍራሽ አቁሙለት።

ኦቶቲዩንን፣ ያን የተሳተ ዜማ ማረሚያ፣ ልትጠይቁኝ እንደሆነ ከፊታችሁ ያስታውቃል። እሺ፣ ልመልስ። ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት አንዲ ሂልደብራንድ ናቸው። ቀድሞ ነዳጅ ፍለጋ ላይ ከመሬት ሥር የሚመለስ ሞገድ ይተነትኑ የነበሩ ሰው ናቸው። ብልህ መሳሪያ ነው፣ አልጠላውም። ግን መሳሪያው ሲከፈት የሚከተለው የፒያኖን እርከን ነው። አሥራ ሁለት እኩል ደረጃ። ክራር መቺ ግን ክሩን የሚቃኘው በጆሮው ነው። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል፣ በአንቺ ሆዬ ሲቃኝ፣ በተለይ አንቺ ሆዬ ላይ፣ ክሮቹ የፒያኖው ቁልፍ ላይ ልክ ላይወድቁ ይችላሉ። ድምፃዊው ክራሩን ሰምቶ ይዘፍናል። እናንተ ድምፁን በኦቶቲዩን ወደ ፒያኖው ትስቡታላችሁ። አሁን ድምፁና ክራሩ ተጣሉ። ከዚያ «ክራሩ አልተቃኘም» ትላላችሁ! እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ከተጠቀማችሁ የቅኝቱን አምስት ኖታዎች ብቻ ምረጡ፣ የማረሚያ ፍጥነቱን በጣም አዘግዩት። እንጉርጉሮ ባለበት ቦታ ደግሞ አጥፉት። እንጉርጉሮ በኖታና በኖታ መሃል ነው የሚኖረው።

ሦስተኛ፣ ኮምፕረሰር። ይህን በአጭሩ።

ኮምፕረሰር የጮኸውን ያሳንሳል፣ ከዚያ ሁሉንም ከፍ ታደርጉታላችሁ። አታክ የሚባለው ቁልፍ ስንት ሚሊ ሰከንድ ቆይቶ እንደሚጨብጥ ይወስናል። እኛ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ የሚባሉ የሚፈነዱ ድምፆች አሉን። «ጥ» ስትሉ አየሩ ይታፈናል፣ ትንሽ ዝምታ ይኖራል፣ ከዚያ ይፈነዳል። አታኩን 1 ሚሊ ሰከንድ ካደረጋችሁት ያን ፍንዳታ ከጫፉ ይላጨዋል። «ጥ» ወደ «ት» ይቀርባል። እኔ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ባለው ቦታ እጀምራለሁ። ፍንዳታው ያልፋል፣ የሚጨበጠው ቀጥሎ ያለው አናባቢ ነው።

ያቺን ዝምታ ልብ አላችኋት? «ይመታል» የሚለውን ውሰዱ። አላልታችሁ ስትሉት መቺው ሰውዬ ነው። አጥብቃችሁ ስትሉት ተመቺው ነው። «ታ» ሲጠብቅ ምላስ ዘግቶ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ማለትም ዝምታው ይረዝማል። በአማርኛ ዝምታ ትርጉም አለው። የኮምፕረሰሩ ሪሊዝ፣ ማለትም የጨበጠውን መልቀቂያው፣ በጣም ፈጣን ሆኖ ብዙ ከጨመቀ፣ በዚያች ዝምታ ውስጥ የክፍሉን ጉርምርምታና ትንፋሹን ጎትቶ ያመጣል። ዝምታው ይሞላል። መቺውና ተመቺው ይቀላቀላሉ።

ይህ ወደ አራተኛው ወሰደኝ። ሪቨርብ።

ሪቨርብ እንወዳለን። እኔም እወዳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው፣ መስጊድ ያደገ ሰው፣ በሰፊ ቦታ የሚያስተጋባ ድምፅ ልቡን ይነካዋል። ግን ረጅም ሪቨርብ ምን ያደርጋል? «ገ» ያለው ድምፅ ጭራው እየተጎተተ «ና»ን ይሸፍነዋል። «ን» ከአናባቢው ደከም ያለ ድምፅ ነው፣ ጭራው ይውጠዋል። ሲጠብቅ የሚረዝመውን ርዝመት ማንም አይሰማውም። የእኔ ዘፈን ላይ የሪቨርቡ ጭራ ሦስት ሰከንድ ተኩል ነበር። እንዲያውም የድምፃዊው ትራክ ላይ ቀጥታ ነበር ያስገባሁት።

ቀጥታ አታስገቡት። በሴንድ፣ ማለትም የድምፁን ቅጂ በመላክ፣ ለብቻው ትራክ ላይ አድርጉትና ያንን ትራክ ኢኪው አድርጉት። ታቹን ቁረጡ፣ ላዩን ቁረጡ። የለንደኖቹ የአቢ ሮድ ስቱዲዮ ሰዎች በ600 ኸርዝና በ10 ኪሎ ኸርዝ ይቆርጡት ነበር፣ ዛሬም ይህ ስልት በስማቸው ይጠራል። ፕሪ ዲሌይ የሚባለውን ቁልፍ 40 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ አድርጉት። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 40 ሚሊ ሰከንድ ማለት ድምፁ ሄዶ ሲመለስ በድምሩ 14 ሜትር ገደማ የሚጓዝበት ጊዜ ማለት ነው። ቃሉ መጀመሪያ ደርቆ ይወጣል፣ አዳራሹ ቀጥሎ ይመጣል። ጭራውን ደግሞ ድምፃዊው ሲዘፍን ዝቅ፣ ሲያርፍ ከፍ እንዲል አድርጉት። አሁንም አዝማሪው!

ዲሌይ ላይ አንድ ስህተት አለ፣ በየቀኑ የምሰማው። ሶፍትዌሩ ሲከፈት አራት በአራት ነው የሚከፈተው። ምቱን ለሁለት ነው የሚከፍለው። የእኛ ችክችካ ግን ስድስት በስምንት ነው፣ እያንዳንዱን ምት ለሦስት ይከፍላል። አስሉት። በደቂቃ 120 ምት ቢሆን አንድ ምት 500 ሚሊ ሰከንድ ነው። ለሦስት ሲከፈል 167 ገደማ ይመጣል። ሶፍትዌሩ የሚሰጣችሁ ዲሌይ ግን ለሁለት የተከፈለውን ነው፣ 250። ከበሮው 167 ላይና 333 ላይ ሲመታ የገደል ማሚቶው 250 ላይ ይወድቃል። መሃላቸው! ጨፋሪው እግሩ ለምን እንደተወናበደ አያውቅም፣ ግን ይወናበዳል። ዲሌዩ ላይ ትሪፕሌት፣ ማለትም ለሦስት የተከፈለ፣ የሚለውን ምረጡ። ከዚያ እስክስታው እንዴት እንደሚቀል ታያላችሁ።

ብዙ አወራሁ፣ ሰዓታችንም እየሄደ ነው። በመጨረሻ ያንኑ ዘፈን እንደገና ልክፈትላችሁ። ድምፃዊው ያው ነው፣ ቀረጻውም ያው ነው። ስፒከሩን ዝቅ አደርገዋለሁ፣ በጣም ዝቅ። በሩ አጠገብ ያላችሁት፣ እናንተም አድምጡ።

(እንደገና አሰማሁ።)

የመጀመሪያው የትኛው ገና ነው? ... አዎ። ሁለተኛውስ? ... አዎ!

ይህን ሁለተኛውን ሚክስ ለአክስቴ ስልክላት ስለ ድምፁ ምንም አላለችኝም። ስለ ባሱም፣ ስለ ክራሩም አላነሳችም። ደውላ «ምስኪን! ቀን ቆርጣለት ነበርኮ። ምን አገኛትና ሐሳቧን ቀየረች?» ነው ያለችኝ።

አመሰግናለሁ። አሁን ላፕቶፖቻችሁን ክፈቱ፣ ድምፃዊውን ብቻ ሶሎ አድርጉ፣ እየዞርኩ እሰማለሁ።